የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት

በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. ገደማ፥ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ፤ ሂካ ማለት በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። በ1869 ዓ.ም. ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀው ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠም ምጽዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ዓ.ም. ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ሰው ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 ዓ.ም. በተጠመቀ ጊዜ ስሙ አናሲሞስ ተባለ፤ ይህም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት የማለደለት ባሪያ ስም ነው።

አናሲሞስ በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምሮ በ1881 ዓ.ም. ተመለሰ። አሳቡም ወደ ወገኖቹ ገብቶ በቋንቋቸው ማስተማር ነበር። አንድ ጊዜ በሱዳን፥ አንድ ጊዜም በሸዋ በኩል መንገድ ጀመረ፤ ሁለቱም ጊዜ አልሆነለትም። ነገር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሆኖ መጻሕፍቱን አዘጋጀ። በ1886 ዓ.ም. ከባርነት ነጻ የወጣች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ቃላቱን ሰበሰበችለት፤ ደግሞም የአገሯን ተረትና ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን እያስታወሰች ጻፈች። ከዚህም ብዙው በ1894 ዓ.ም. በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገባ። እንግዲህ የባላገር ልጅ ከእናቱ አፍ የሰማውን ተረት በፊደል ተጽፎ ያገኘው ጀመር። መጽሐፍ ቅዱስም በኦሮምኛ በ1899 ዓ.ም. ታተመ።

አናሲሞስ በ1904 ዓ.ም.፥ በተሰረቀ በ35 ዓመቱ፥ ከአስቴርና ከሌሎች ባልንጀሮቹ ጋር ወለጋ ገባ። ገዡ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በመልካም ተቀበሉት፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፍቶ ልጆችን በቋንቋቸው ፊደል አስቈጠረ። በ1906 ዓ.ም. ግን ካህናት ከሰሱት፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ከአገሩ እንዲወጣ ፈረዱበት። አጼ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ መስበክን ግን ተከለከለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተቀይሞ በሄደ፥ ትምህርት ቤቱም በተዘጋ ነበር። እርሱ ግን የተከለከለውን ትቶ የተፈቀደለትን ያዘ፤ ልጆቹንም ማስተማሩን ቀጠለ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። በ1931 ዓ.ም. በነቀምት ሞተ።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መጥራት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማቈየቱ ነው። አባት የሌለው፥ ከብት ጠባቂ፥ ድኻ የሆነ ልጅ የማይገባውን ነገር እየሰማ ብዙ ቀን አይቀመጥም፤ አስተማሪው የሄደበትም ትምህርቱን ይተዋል። አናሲሞስ ለልጆቹ የሚገባቸውን መጽሐፍ ይዞ መጣ፤ በመከራም ቀን ከእነርሱ አልተለየም። ድኻ አደጉን መርዳት የሚወድ ሁሉ ይህን ይማር።