ራይንን ያቀናው መሐንዲስ፦ ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ

የራይን ወንዝ ከስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ አልፎ ወደ ሰሜን ሲፈስ፣ ከ200 ዓመታት በፊት አንድ ወጥ መስመር አልነበረውም። ከባዝል በታች በደሴቶች መካከል ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ይበተናል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። የአልፕስ ተራሮች በረዶ ቀልጦ በሞላ ቁጥር መውረጃውን እየቀየረ ማሳ ይወስዳል፣ ቤት ያፈርሳል። የዴተንሃይም መንደር ነዋሪዎች ጎርፉ ቢያስመርራቸው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1813 ቀያቸውን ለቀው ካርልስዶርፍ የተባለ አዲስ መንደር መሥርተዋል።

ይህን ወንዝ ለመግራት የተነሣው ዮሐን ጎትፍሪድ ቱላ በ1770 በካርልስሩኸ ከተማ ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ቤተሰብ ተወለደ። የሒሳብ ተሰጥኦው የባደንን ገዥ ትኩረት በመሳቡ በመንግሥት ወጪ ተማረ፤ ፓሪስም ተልኮ ዕውቀቱን አዳበረ። በ1807 በካርልስሩኸ የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በዚያው ወቅት በስዊዘርላንድ የሊንት ወንዝን የማስተካከል ሥራ በአማካሪነት አገዘ። በ1812 ራይንን በሙሉ የማቅናት ዕቅዱን አቀረበ።

የዕቅዱ ብልሃት ቁፋሮውን ለወንዙ ለራሱ መተዉ ነው። ሠራተኞች ሁለቱ የወንዙ ክንዶች በሚቀራረቡበት አንገት ላይ ጠባብ ቦይ ብቻ ይቆፍራሉ። ውሃው በአቋራጩ ሲለቀቅ ቁልቁለቱ ስለሚጨምር በጉልበቱ ቦዩን እያሰፋና እያጠለቀ ይሄዳል። አሮጌው ጥምዝ ግን ቀስ በቀስ በደለል ይሞላል።

ሥራው በ1817 ሲጀመር የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ከገበሬው ነው። በካርልስሩኸ አቅራቢያ የክኒሊንገን ሰዎች ቦዩ መሬታቸውን ቆርጦ ከወንዙ ማዶ ሊያስቀርባቸው ስለነበር ለቁፋሮው አልገዛ አሉ፤ መንግሥትም ወታደር አሰማርቶ አስገደዳቸው። ከወንዙ በታች የምትገኘው ፕሩሲያ ደግሞ ጎርፉ በፍጥነት ወደ እርሷ ይወርዳል ብላ ሰጋች። በኋላ የሆነውን ስናይ ይህ ስጋት ተራ ምቀኝነት አልነበረም።

ቱላ ለሕክምና በሄደበት በፓሪስ በ1828 ሞቶ በሞንማርትር መካነ መቃብር ተቀበረ። ሥራው በተተኪዎቹ እጅ እስከ 1876 ቀጠለ። በባዝልና በቢንገን መካከል የወንዙ ርዝመት ከ354 ወደ 273 ኪሎ ሜትር አጠረ። ረግረጉ ሲደርቅ ሸለቆውን ሲያሠቃይ የኖረው ወባ ቀነሰ፤ ሰፊ መሬትም ለእርሻ ዋለ። ይህን ጥቅም አሳንሶ የሚያይ ጎርፍ ማሳውን ወስዶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ዕዳው የመጣው ከመሬት በታች ነው። የፈጠነው ውሃ የራሱን ወለል ሲሸረሽር በደቡባዊው ክፍል ወንዙ በአንዳንድ ስፍራ ወደ 7 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። የከርሰ ምድሩም ውሃ ተከትሎት ወረደ፤ ሥሩ እርጥበት የለመደው የዳርቻ ደን ደረቀ፤ ጉድጓዶች ነጠፉ። ከአሸዋው ወርቅ አጥበው የሚኖሩት ሰዎች ሥራም ጠፋ። ለዓሣ መራቢያ የሚሆነው ጠጠራማ ጥልቀት የሌለው ውሃ ተመናመነ።

ሁሉንም በቱላ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከባዝል እስከ ኢፈትስሃይም ለኤሌክትሪክና ለመርከብ የተሠሩት 10 ግድቦች ጎርፉ የሚተኛበትን 130 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ከወንዙ ለዩ። ከባዝል እስከ ካርልስሩኸ 65 ሰዓት ይወስድ የነበረው የጎርፍ ጉዞ ወደ 30 ሰዓት ወረደ። ሳልሞን የተባለውም ዓሣ በግድቦቹና በፋብሪካ ብክለት ምክንያት ከወንዙ ጠፋ።

ዛሬ ጀርመንና ፈረንሳይ ለወንዙ ቦታ እየመለሱለት ነው። የኢፈትስሃይም ግድብ በ2000፣ የጋምብስሃይም በ2006 የዓሣ መሻገሪያ ስለተሠራላቸው ሳልሞን እንደገና ወደ ላይ መውጣት ችሏል። የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ደግሞ በ1996 ባጸደቀው ፕሮግራም በ13 ሥፍራዎች 167 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዙ የጎርፍ ማቆያዎችን ማዘጋጀት ይዟል። ደኑ ጎርፍን ዳግም እንዲለምድ፣ ትልቅ ሙላት ባይመጣም በየጊዜው ውሃ ይለቀቅበታል። በዚህም ላይ ከወንዙ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች ተቃውሞ አንሥተዋል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ምድር ቤታቸውን እንዳይሞላው ይፈራሉ።