የትሬዲጋር መዋጮ፤ የአናይሪን ቤቫን ሕይወት

በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች መካከል በምትገኘው በትሬዲጋር ከተማ የሚኖር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፥ ደመወዙን በሚቀበልበት ቀን ከእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 3 ፔንስ ይቀነስበት ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለ ነበረ፥ ተቀናሹ ከሰማንያ እጅ አንዱ መሆኑ ነው። ገንዘቡ ይገባ የነበረው በ1890 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለተቋቋመው የሠራተኞች የሕክምና መረዳጃ ማኅበር ነበር። ሠራተኛው በዚህ መዋጮ ፈንታ የሚያገኘው ግን ቀላል አልነበረም። እርሱ ወይም ሚስቱ ወይም ልጁ የታመመ እንደ ሆነ ከሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ይታያል፤ መድኃኒቱንም ይቀበላል፤ በዚያች ሰዓት ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ማኅበሩ እያደር ሐኪሞችን፥ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፥ የጥርስ ሐኪም፥ ነርስና መድኃኒት ቀማሚ በራሱ ገንዘብ እስከ መቅጠር ደረሰ። እድርን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ የትሬዲጋሩ መዋጮ ሰው ሳይሞት፥ ገና ሲታመም የሚደርስለት መሆኑ ነው።

አናይሪን ቤቫን በዚህች ከተማ ኅዳር 15 ቀን 1897 ተወለደ። አባቱ ዴቪድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፥ መጽሐፍ ወዳድና የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ እናቱ ፊቢ በልብስ ስፌት ትተዳደር የነበረች ብርቱ ሴት ነበረች። ከወለዷቸው አሥር ልጆች መካከል ከፊሎቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። አናይሪን በትምህርት ቤት አልቀናውም። አንደበቱ ይንተባተብ ነበርና ከመምህሩ ጋር አልተስማማም፤ ገና በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱ ወደ ዋለበት ጉድጓድ ወረደ። ዕውቀቱን የገበየው ሠራተኞች በመዋጯቸው ባቋቋሙት ቤተ መጻሕፍት ሌሊት ሌሊት በማንበብ ነው። መንተባተቡንም ያሸነፈው በተራራ ላይ ብቻውን እየተመላለሰ ጮክ ብሎ በመናገር እንደ ነበር ይነገራል። ኋላ በዘመኑ ከታወቁት የምክር ቤት ተናጋሪዎች ቀንደኛው የሆነው ይኸው ልጅ ነው።

በ1919 የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ለንደን ወደሚገኘው የሠራተኞች ኮሌጅ ላከው። ሁለት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ግን ሥራ አላገኘም፤ የማዕድኑ ባለቤቶች በነገረኛነት ስለሚያውቁት አልፈለጉትም። በዚህ የችግር ዘመን አባቱ ታመመ። ሳንባው ለብዙ ዓመታት በከሰል ብናኝ ተጎድቶ ነበርና በ1925 በልጁ ክንድ ላይ ሞተ። የጊዜው ሕግ ይህን በሽታ ካሣ ከሚያስገኙት መካከል አልቆጠረውም፤ ስለዚህም ቤተሰቡ አንዳች አላገኘም። የቤቫን የኋላ ዘመን ንግግሮች ቁጣ ከየት እንደ መነጨ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ሌላ መፈለግ አያሻውም።

ቤቫን የከተማው ምክር ቤት አባል ከሆነ በኋላ በትሬዲጋር ሆስፒታል ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ሠራ። ሐኪም እንዴት እንደሚቀጠር፥ ዐልጋ እንዴት እንደሚደለደል፥ መዋጮ ከወጪ ሲያንስ ምን እንደሚደረግ የተማረው በዚያ ነው። ያን ጊዜ የተማረው ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ሐኪሞች በዚህ ዓይነት ማኅበር ሥር መሥራትን አጥብቀው እንደሚጠሉ ነው። ሐኪሙን የሚቀጥሩትና የሚያሰናብቱት የማዕድን ቆፋሪዎች በነበሩበት በዚያ አገር የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ከሠራተኞቹ መረዳጃ ማኅበራት ጋር ለብዙ ዓመታት ሲከራከር ኖሯል። ሐኪሞቹም ቅሬታቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለትሬዲጋሩ ማኅበር በሐኪምነት ያገለገለው ደራሲ ኤ. ጄ. ክሮኒን በ1937 ባሳተመው ልቦለድ እንዲህ ያለውን አሠራር ከነጉድለቱ ሥሎታል።

በቀረው ብሪታንያ የነበረው ሁኔታ ግን ከትሬዲጋር እጅግ የከፋ ነበር። በ1911 ሎይድ ጆርጅ ያወጣው የመድን ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ አድርሶት ነበር፤ ሚስቱንና ልጆቹን ግን ከደጅ አስቀርቷል። ሆስፒታልም በሕጉ አልተካተተም ማለት ይቻላል። በበጎ አድራጎት የሚተዳደሩት ሆስፒታሎች በሽተኛው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል የምትመረምር ሠራተኛ በመግቢያቸው ነበረቻቸው። እናቶች የገዛ ሕመማቸውን ደብቀው ለልጆቻቸው ሕክምና ሲቆጥቡ ኖሩ። ቤቫን በ1929 ለምክር ቤት ተመርጦ ለንደን ሲገባ ይህን ሁሉ ከወንበሩ ሆኖ ሲቃወም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊቆይ ነው፤ በ1934 ያገባት ጄኒ ሊም የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅና የምክር ቤት ሰው ነበረች።

ከጦርነቱ በኋላ በ1945 የሠራተኛ ፓርቲ አሸነፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌመንት አትሊም ቤቫንን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው። የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ሲሆን ከሚኒስትሮቹ ሁሉ በዕድሜ የሚያንሰው እርሱ ነበር። ለሁሉ የሚደርስ የጤና አገልግሎት እንዲቋቋም አስቀድሞ በ1942 የቤቨሪጅ ሪፖርት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ስለዚህ ሐሳቡን ቤቫን ብቻውን አመነጨው ማለት እውነት አይሆንም። የእርሱ የሆነው ውሳኔ ሌላ ነው። ሆስፒታሎች ሁሉ፥ የበጎ አድራጎትም የማዘጋጃ ቤትም፥ በአንድነት የመንግሥት እንዲሆኑ ወሰነ። የሥራ ባልደረባው ሄርበርት ሞሪሰን ለማዘጋጃ ቤቶች ተከራክሮ ነበር፤ ቤቫን ግን ሀብታም ከተማ ጥሩ ሆስፒታል፥ ድኻ ከተማ ደካማ ሆስፒታል ይዞ እንዲኖር አልፈቀደም። ሕጉ ኅዳር 6 ቀን 1946 ጸደቀ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ከሐኪሞች ጋር የተደረገው ትግል ነው፤ ለሙያው ሰዎች ከታሪኩ ሁሉ አስተማሪው ክፍል ይህ ይመስላል። ሐኪሞቹ የፈሩት የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆንን ነበር። የሕክምና ቦታቸውንና ደንበኞቻቸውን ለሌላ ሐኪም መሸጥ የተለመደ ጥሪታቸው ስለ ነበረ፥ ሕጉ ያን መከልከሉም አስቆጣቸው፤ ለዚህ 66 ሚልዮን ፓውንድ ካሣ ተመድቦ ነበር። በየካቲት 1948 በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ 40,814 ሐኪሞች ሕጉን ሲቃወሙ የደገፉት 4,735 ብቻ ነበሩ። አገልግሎቱ ሊጀመር የቀረው አምስት ወር አይሞላም ነበር።

ቤቫን በዚህ ጊዜ ያሳየው ጠባይ ከስሙ ጋር አይሄድም። በአደባባይ ኃይለኛ ሲሆን በጓዳ ተደራዳሪ ነበር። የሆስፒታል ከፍተኛ ስፔሻሊስቶች የግል በሽተኞቻቸውን እንዲይዙ፥ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥም የክፍያ ዐልጋ እንዲኖራቸው አስቀድሞ ፈቅዶላቸዋል። የብዙ ጓዶቹ ቅሬታ ይህ ነበር፤ አለምክንያትም አልነበረም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ወረፋ ሊቀድም የሚችልበት በር በሕጉ ውስጥ ተከፍቶ ቀርቷልና። ከዚያም የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው ሎርድ ሞራን ባቀረበው ምክር መሠረት፥ በሚያዝያ 1948 ጠቅላላ ሐኪሞች ያለ አዲስ ሕግ ሙሉ ደመወዝተኛ እንደማይደረጉ ቃል ገባ። ሁለተኛ ድምፅ ሲሰጥ ተቃዋሚዎቹ አሁንም ቢበዙም ቁጥራቸው እጅግ ቀነሰ፤ ማኅበሩም አባሎቹ እንዲገቡ መከረ። የትሬዲጋሩን ኮሚቴ ለሚያስታውስ ሰው ትርጉሙ ግልጥ ነው፤ ቤቫን ለበሽተኛው የትሬዲጋርን ደንብ ሲያወርስ፥ ለሐኪሙ ግን በሠራተኞች ኮሚቴ ከመታዘዝ ነጻነት ሰጠው። በዚህም የመዋጮው ባለቤቶች የገዛ ሐኪማቸውን የመምረጥና የመቆጣጠር ሥልጣናቸውን አጡ። ይህ ጉዳት ነው፤ በውዳሴው ብዛት ሊረሳ አይገባውም።

ሐምሌ 5 ቀን 1948 ቤቫን በማንቸስተር አጠገብ የሚገኘውን የፓርክ ሆስፒታል ጎበኘ፤ አገልግሎቱ ተጀመረ። በዋዜማው ግን ተቃዋሚዎቹን ወግ አጥባቂዎች በአደባባይ በጸያፍ ቃል ሰድቦ በገዛ ድሉ ላይ ጥላ ጣለበት። ሕዝቡ ስድቡን ብዙም ሳይከተል ወደ ሐኪሞቹ ጎረፈ። በመጀመሪያው ዓመት ከ5 ሚልዮን በላይ መነጽር ታደለ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ድኻ ከተራ ሱቅ በግምት የገዛውን መነጽር ያደርግ፥ ጥርሱም ቢታመም አስነቅሎ ዝም ይል ነበር። ወጪው ከታሰበው እጅግ በለጠ፤ አንዳንዶች ይህን እንደ ብክነት ሲቆጥሩት፥ ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ የኖረ ሕመም መገለጡ መሆኑን የተረዱ ግን ነበሩ።

ገንዘቡ ሲጠብ ቤቫን ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በ1949 ለእያንዳንዱ የመድኃኒት ማዘዣ አንድ ሺሊንግ ማስከፈልን የሚፈቅድ ሕግ ሲወጣ ተስማምቷል፤ እርሱ ሚኒስትር ሳለ ግን ክፍያው በሥራ ላይ አልዋለም። በ1951 መጀመሪያ ወደ ሠራተኛ ሚኒስቴር ተዛወረ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂው ጌትስኬል፥ በኮሪያ ጦርነት ምክንያት ለጦር መሣሪያ የሚወጣው ወጪ በናረበት በጀት፥ የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስን ዋጋ እኩሌታ በሽተኛው እንዲከፍል ደነገገ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ከጦሩ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቤቫን ሥልጣኑን ለቀቀ። በ1949 የተቀበለውን በ1951 ለምን እንደ እምቢ ያሉት ወዳጆቹም አልጠፉም፤ ፓርቲው በዚህ ጠብ ለዓመታት ተከፍሎ ቆየ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምትም ምርጫውን ተሸነፈ።

ቤቫን ሐምሌ 6 ቀን 1960፥ አገልግሎቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ማግስት፥ በካንሰር ሕመም በ62 ዓመቱ ሞተ። ዐመዱ ከትሬዲጋር በላይ ባለው ተራራ ላይ ተበተነ። በምርጫ ወረዳው ለሕዝብ ይናገርበት በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ አራት ታላላቅ ድንጋዮች ቆመዋል፤ አንዱ ለእርሱ፥ ሦስቱ ለወከላቸው ከተሞች ነው። የመድኃኒት ማዘዣ ክፍያው በ1952 ተጀመረ፤ በ1965 ተነሣ፤ በ1968 ተመለሰ። በተወለደበት በዌልስ ከ2007 ወዲህ ቀርቷል፤ በእንግሊዝ ግን ነጻ ከተደረጉት ወገኖች በቀር ሌላው እስከ ዛሬ ይከፍላል።