ሎሬንዞ ታእዛዝ፦ በየከተማው እንግዳ፣ በየከተማው ተማሪ

በትምህርት ቤታችን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የመጨረሻው ክፍል ላይ የደረሱ ልጆች ከገዳሪፍ ወጥተው በሌላ ከተማ ሊማሩ ሲያስቡ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ ይመጣባቸዋል። እዚያ ቋንቋውም ሰዉም ሌላ ነው፤ እዚህ የተማሩት ነገር እዚያ ይቆጠርላቸው እንደሆነም አያውቁም። ከእነሱ አንዳንዶቹ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ለሁለተኛው ዲግሪ እንደገና ሌላ አገር ይሻገራሉ፤ ያኔም ጥያቄው ያው ነው። ወላጆችም ጥያቄውን ያውቁታል፤ አብዛኞቻችን ወደዚህ ከተማ የመጣነው ከሌላ ቦታ ነውና።

ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔት የብላቴን ጌታ ሎሬንዞ ታእዛዝን ሕይወት መረጥን። እኚህ ሰው በአጭር ዕድሜያቸው ብዙ ከተማ ቀያይረዋል፤ በሄዱበት ሁሉም መጀመሪያ እንግዳ ነበሩ። ከየከተማው የያዙት ዕውቀት በመጨረሻ ለአገር የዋለበት አንዱ መንገድ ደግሞ እኛ በምንኖርበት በዚህ በምሥራቅ ሱዳን ድንበር በኩል ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሎሬንዞ በ1892 ዓ.ም. በኤርትራ፣ በአከለ ጉዛይ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ቅኝ ገዢው ለአገሬው ልጅ ይፈቅድ የነበረው ትምህርት በጣም ጥቂት ነበር፤ ዓላማውም ትእዛዝ የሚቀበል፣ ጥቂት የሚጽፍና የሚያስተረጉም ሰው ለማፍራት እንጂ ሊቅ ለማፍራት አልነበረም። ሎሬንዞ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም አስመራ ላይ በኢጣሊያ አስተዳደር ውስጥ ተቀጥረው ሠሩ። አፋቸውን የፈቱት በትግርኛ ሲሆን፣ ጣሊያንኛን የተማሩት ከገዢዎቹ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤት ለአንድ አገሬ ሰው ከጸሐፊነትና ከአስተርጓሚነት ብዙ የሚያልፍ ቦታ አልነበረም። ሎሬንዞ አስመራን ትተው ቀይ ባሕርን ተሻገሩና በእንግሊዞች እጅ ወደነበረችው የወደብ ከተማ ወደ ኤደን ሄዱ። ኤደን ያን ጊዜ የዐረብ፣ የሕንድ፣ የሶማሌና የአውሮፓ ነጋዴ የሚተራመስባት፣ ከሕንድና ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጣ ብዙ መርከብ ከሰል የሚሞላባት ከተማ ነበረች። የሕይወታቸው መንገድ የተለወጠው እዚያ ነው። ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር ተገናኙ፤ አልጋ ወራሹም ወጣቱን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ ላኩት።

በእነዚያ ዓመታት አልጋ ወራሹ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ውጭ መላካቸው የታወቀ ነው። መላኩ በያን በአሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። ዓለመወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና ተማሩ። የሎሬንዞ ዕጣ ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ለሜዲትራንያን ባሕር ቅርብ በሆነችው በሞንፔሊዬ ከተማ ወደቀ።

ሞንፔሊዬ የትምህርት ከተማ ናት። ሕግና ሕክምና ሲሰጥባት ብዙ መቶ ዓመት አልፏል፤ የሕክምና ትምህርት ቤቷ እስከ ዛሬ ሳይቋረጡ ከቀጠሉት የዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንጋፋ ነው ይባልለታል። በዙሪያዋ ያለው አገር የወይን እርሻ ነው። አንድ ከአስመራና ከኤደን የመጣ ወጣት እንዲህ ባለ ከተማ ሕግ ለመማር ሲገባ የሚጠብቀውን ለመገመት አያዳግትም። የፈረንሳይ የሕግ ትምህርት የሚጀምረው ከሮማ ሕግ ነው፤ ቀጥሎ በናፖሊዮን ዘመን የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ንግግሩ ብቻ ሳይሆን አስተሳሰቡም ሌላ ነው። አንድን ጉዳይ በክፍል በክፍል ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ማስረጃ አቅርቦ፣ የሌላውን ወገን ክርክር አስቀድሞ አውቆ መመለስ ይጠይቃል። በተማሪው ቋንቋ የተጻፈ አንድም መጽሐፍ የለም። ሌሎቹ ተማሪዎች ከእናታቸው የሰሙትን ቃል፣ የውጭው ተማሪ ከመዝገበ ቃላት ለቅሞ ማግኘት አለበት።

ሎሬንዞ ይህን ተወጡት። በሞንፔሊዬ በሕግና በፍልስፍና ተመርቀው በ1920ዎቹ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ነገር ግን መመለስ ስንል ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ለሎሬንዞ አዲስ አበባ የልጅነት ከተማ አልነበረችም። ያደጉት ከመረብ ማዶ፣ በሌላ ባንዲራ ሥር ነው። በቤተ መንግሥት ዘመድ ወይም የአባት ርስት አልነበራቸውም። የያዙት የተማሩትን ብቻ ነበር። በእንግድነት የገቡባት አዲስ አበባ ግን ለዚያ ትምህርት ሥራ ሰጠችው፤ በውጭ ጉዳይ ጉዳዮች ላይ መሥራት ጀመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ፈተናው መጣ። በ1927 ዓ.ም. የእንግሊዝና የኢትዮጵያ የወሰን ኮሚሲዮን ወደ ኦጋዴን ሲወርድ ከኢትዮጵያ ወገን ከነበሩት ባለሥልጣኖች አንዱ ሎሬንዞ ነበሩ። ኮሚሲዮኑ ወልወል ላይ ሲደርስ የኢጣሊያ ጦር ቀድሞ ሰፍሮ አገኘው። ህዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በዚያ ቦታ ተኩስ ተከፈተ፤ ኢጣሊያም ይህን ግጭት ለወረራዋ ሰበብ አደረገችው። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦሯ መረብን ተሻገረ፤ በሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ ተያዘች።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከጦር ሜዳ በተጨማሪ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበርም መከራከሪያ ሆነ። የማኅበሩ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበሩ፤ ክርክሩም የሚካሄደው በሕግ አንቀጽ ነው። የሞንፔሊዬ ትምህርት ጥቅም ጎልቶ የታየው እዚህ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በማኅበሩ ፊት ያደረጉት ታላቅ ንግግር ሲዘጋጅ ከረዱት ሰዎች አንዱ ሎሬንዞ ናቸው። ከዚያም በማኅበሩ ዘንድ የኢትዮጵያ ተጠሪ ሆነው ሠሩ። በግንቦት 1930 ዓ.ም. ታላላቆቹ መንግሥታት የኢጣሊያን ወረራ ለማጽደቅ መንገድ ሲጠርጉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ስለነበር ጽሑፋቸውን በማኅበሩ ምክር ቤት ፊት ያነበቡት ሎሬንዞ ነበሩ።

ተማሪዎቻችን ይህን ሲያነቡ አንድ እውነት እንዲያዩ እንፈልጋለን። ያ ሁሉ ትምህርትና ያ ሁሉ ክርክር ያን ጊዜ አገር አላዳነም። ማዕቀቡ ተነሣ፤ ብዙ መንግሥታትም ወረራውን አጸደቁ። አገር ቤት ደግሞ የተማረው ትውልድ እየታደነ ነበር፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሽስቶቹ ከገደሏቸው መካከል ውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሎሬንዞ በጄኔቫ ተሸንፈው ቁጭ ማለት ይችሉ ነበር። የሕግ ዲግሪ ነበራቸው፤ ቋንቋ ነበራቸው፤ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ተደላድሎ ለመኖር የሚጎድላቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ሌላ መንገድ መረጡ።

መንገዱም ወደ እኛ አካባቢ የሚያመጣ ነው። በ1931 ዓ.ም. ገደማ ሎሬንዞ የአርበኞቹን ሁኔታ በዓይናቸው አይተው ለመመለስ በሱዳን በኩል በድብቅ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ አርበኞች በየጫካው ወደሚዋጉበት ወደ ጎጃምና ወደ በጌምድር አገር። ያን ጊዜ ሱዳንን የምታስተዳድረው እንግሊዝ ከኢጣሊያ ጋር ስምምነት አድርጋ ስለነበር ጉዞው በይፋ የሚሆን አልነበረም። በኢጣሊያ ወገን ቢያዙ ደግሞ በኤርትራ ተወልደው ለኢትዮጵያ የቆሙ ሰው ምን እንደሚጠብቃቸው ግልጽ ነው። ይህን ድንበር የሚያውቅ ሰው የመንገዱን ክብደት ያውቃል። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው ጥቁር አፈር በክረምት እግር ይውጣል፤ በበጋ ውኃ ይጠፋል፤ ቆላው የወባ አገር ነው። ከመተማ በላይ ደግሞ አቀበቱ ይጀምራል። የዩኒቨርሲቲ ወንበርና የጄኔቫ አዳራሽ የለመዱ ሰው ወደ አርበኞቹ ሰፈር የደረሱት እንዲህ ባለ አገር ነው።

እዚያ ያስፈለገው ዕውቀት ሌላ ነበር። ከአርበኛው ጋር በቋንቋው መነጋገር፣ የሰማውን በትክክል መዝግቦ ለሚመለከተው ማስተላለፍ፣ የጠላትን ጽሑፍና ንግግር ያለ አስተርጓሚ መረዳት። ልጅ ሳሉ ከገዢዎቹ የተማሩት ጣሊያንኛ ገዢዎቹን ለመታገል የሚያገለግል መሣሪያ ሆነ። ሎሬንዞ በሰላም ተመልሰው አርበኛው እንዳልተበተነ፣ ኢትዮጵያም እንዳልተገዛች መረጃ አደረሱ።

ጊዜው ተለወጠ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በአይሮፕላን ወደ ካርቱም ሲመጡ አብረዋቸው ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሎሬንዞ ናቸው። የኢጣሊያ ጦር ከሰላንና ገላባትን ያዘ፤ ገዳሪፍ ከግንባሩ ጀርባ ያለች ዋና ከተማ ሆነች። ከአርበኞች ጋር የሚደረገው ግንኙነት የሚዘጋጀው፣ መሣሪያና ደብዳቤም የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የኮሎኔል ሳንድፎርድ ቡድን ከዚህ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ጎጃም ተሻገረ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኡም ኢድላ በሚባለው ቦታ ድንበሩን አልፈው የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። የዛሬ ልጆቻችን የሚያውቁት የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ አላት።

ከነጻነት በኋላ ሎሬንዞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ኢትዮጵያና ሶቪየት ኅብረት በ1935 ዓ.ም. ግንኙነት ሲመሠርቱ ደግሞ ወደ ሞስኮ ተላኩ። እንደገና አዲስ ከተማ፣ እንደገና አዲስ ቋንቋ፣ በዚያ ላይ የጦርነት ክረምት። ዕድሜያቸው ግን ረጅም አልሆነም። ገና በአርባዎቹ አጋማሽ ሳሉ በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም አረፉ። እንግድነታቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም፤ ከተወለዱበት ከአከለ ጉዛይ ርቀው ሞቱ። ይህ የሕይወታቸው ዋጋ ነው፤ ልንሸፋፍነው አንፈልግም። ብዙ ከተማ የሚያይ ሰው ብዙ ስንብት አለበት።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። አዲስ ከተማ ሲገቡ ቀድሞ የሚሰማው የጎደለው ነገር ነው፤ ዘመድ የለም፣ ቋንቋው ይከብዳል፣ የሚያውቅዎት ሰው የለም። ሎሬንዞ በየከተማው ይህ ጉድለት ገጥሟቸዋል። ነገር ግን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲያልፉ የቀደመውን አልጣሉም። የአስመራው ጣሊያንኛ ለአርበኞቹ ሥራ፣ የሞንፔሊዬው ሕግ በጄኔቫ ለክርክር አገለገለ። ሁሉም የሚፈለግበት ቀን ደረሰ፤ ቀኑ መቼ እንደሚደርስ ግን ሲማሩት ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

የእኛ ልጆች በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራሉ፤ በገበያ ዐረብኛ ይናገራሉ፤ በክፍል እንግሊዝኛ ያነባሉ። አንዳንዶቹ ይህን እንደ መበታተን ያዩታል፤ የትኛውም ሙሉ አይደለም ብለው ያዝናሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ልጆች ሆይ፣ ነገ ወደ ካርቱም ሂዱ ወደ ጎንደር፣ ወደ አዲስ አበባ ሂዱ ወደ ባሕር ማዶ፣ የያዛችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ግቡ። በመጀመሪያው ዓመት ከሌላው ተማሪ ወደ ኋላ የቀራችሁ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ በሁለት ቋንቋ የሚያስብ ሰው ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ አይጎድልበትም። ወላጆችም ልጆቻችሁ የቤታቸውን ቋንቋ ጽሕፈት እንዳይረሱ አግዟቸው፤ ይህም አንድ ቀን የሚፈለግ ስንቅ ነው።

የዘንድሮ ተመራቂዎቻችን መንገዳችሁ የቀና ይሁን። የሄዳችሁበት ከተማ ይቀበላችሁ፤ እናንተም ተምራችሁ የምትጠቅሙበትን ሥራ አታጡ።