ውሃውን ያስያዙት እቴጌ

ክበባችን እንጦጦ ማርያም ሄዶ የአፄ ምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት ጎብኝቶ ነበር። እኔማ ቤተ መንግሥት ሲባል ወርቅ በወርቅ መስሎኝ ነበር። ለካ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ጭቃ፣ ጣሪያውም ሣር ነው! ዛሬ ስለዚያ ቤት እመቤት ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ልንገራችሁ።

ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ብዙ ሴቶች ፊደል በማይማሩበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን አገቡ።

እንጦጦ ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ውሃም እንደ ልብ አይገኝም። ጣይቱ ከተራራው በታች ያለውን ፍልውሃ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉት ግን በጥቅምት 1882 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱም እቴጌ ተባሉ።

ጣልያን በውጫሌ ውል አሳብቦ አገራችንን ሊይዝ ሲል እቴጌ አጥብቀው ተቃወሙ። ጦርነቱ ሲመጣም ቤት አልቀሩም፤ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። መቀሌ ላይ ጠላት ጠንካራ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ምሽጉን ለመስበር ሲሞከር ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ግን ጠላት የሚቀዳበትን ምንጭ አስያዙት። ጣልያንም ውሃ ሲጠማው በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን አስተባብረው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ አስቀዱ።

አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌ ከሥልጣን ርቀው ወደ እንጦጦ ተመለሱ። ስም ያወጡላት ከተማ ከታች እየሰፋች፣ እሳቸው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው ተራራ ላይ አረፉ። አሁን መቃብራቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባለቤታቸው ጎን ነው። ይሄን ስሰማ ሆዴ ባባ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው እያልኩ እህቴን ብቻዋን እልካት ነበር። ከእንጦጦ የተመለስን ቀን ማታ ግን ትልቁን ጀሪካን እኔ ተሸከምኩ። እህቴ ምን ነካው ብላ ሳቀች። እናንተስ ወንዶች፣ ጀሪካኑን ማን ይሸከማል?