ከሸክላ እስከ ሚሞሪ ካርድ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

የኤሌክትሪካል ትምህርት ክፍል ቡሌቲን ላይ የዘፋኝ ታሪክ ምን አመጣው እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ወዲህ ነው። ለፕሮጀክት የመረጥኩት በአርዱይኖ ከሚሞሪ ካርድ ድምፅ ማጫወትን ነበር። ለሙከራ የሚሆን ድምፅ ስፈልግ የነጋድራስ ተሰማን ዘፈን አገኘሁና ልቤ ከሰርኪቱ ወደ ሰውየው ሄደ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1876 ምንጃር ተወለዱ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግጥም አዋቂ፣ ዘፋኝም ነበሩ። በ1908 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ሄዱ። የሄዱት ግን ለዘፈን እንዳይመስላችሁ፤ ያኔ ብርቅ የነበረውን የአውቶሞቢል ሙያ ሊማሩ ነው። እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ እዚያው ድምፃቸውን ሸክላ ላይ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ ማይክሮፎን ለቀረጻ አልዋለም፤ እሱ የመጣው በ1925 ነው። ዘፋኙ አፉን ወደ ትልቅ ጡሩምባ አስጠግቶ በሙሉ ጉሮሮው ይዘፍናል፣ የድምፁ ግፊት መርፌውን እያንቀጠቀጠ ሰም ላይ ቦይ ያወጣል። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ደቂቃውን በሰከንድ 16,000 ናሙና፣ በ8 ቢት ሞኖ ሳስቀምጠው 2.88 ሚሊዮን ባይት ወጣው። አርዱይኖ ኡኖ ያለው ራም 2 ኪሎ ባይት ብቻ! ታዲያ እንዴት ይችለዋል? ከካርዱ በትንሽ በትንሹ እየቆነጠረ፣ አንዱን እያጫወተ ሌላውን ይሞላል። ድምፁን የሚያወጣውም አንዲቱን ፒን በጣም በፍጥነት እያበራ እያጠፋ፣ የምትበራበትን ጊዜ እንደ ናሙናው መጠን በማስረዘምና በማሳጠር ነው። (ካርዱ የሚፈልገው 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት በቀጥታ እንዳትሰጡት።)

ነጋድራስ ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ሆኑ፤ ልጅ ኢያሱ በ1916 ሲወርዱ የሳቸውም ዕድል አብሮ ወረደ። በ1921 ጅማ የተወለዱት ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ የመሩት ናቸው። አባትየው በ1964 አረፉ። ዘፈኖቻቸው የቀረጻውን መቶኛ ዓመት አስመልክቶ በኢትዮፒክስ 27ኛ አልበም እንደገና ወጥተዋል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የጋይንት ልጅ ነኝ። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ሠርግ የሚያደምቅ አዝማሪ፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? በነጋድራስ ዘመን የነበሩት ከሳቸው ያንሱ ነበር ብዬ አላምንም። ወደ ጀርመን የላካቸው አልነበረም፣ በቃ።

ለዕረፍት ነፋስ መውጫ ስሄድ የአያቴን ፉከራ በሞባይል ቀድቼ፣ ወደ ዌቭ ፋይል ቀይሬ በዚያችው ሰሌዳ አሰማኋቸው። አያቴ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሯ አዘንብለው ዝም ብለው ሰሙ። ሲያልቅ አንድ ስንኝ መዝለላቸውን ነግረውኝ፣ እንደገና እንድቀዳቸው አዘዙኝ። ካርዱ ላይ አሁን ሁለቱም አሉ።