ቅዱስ ባስልዮስና የሕሙማን ማረፊያው

የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ330 ዓ.ም. ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተወለደ፤ በአቴና ከጎርጎርዮስ ጋር ተምሮ ሲመለስ ሀብቱን ለድኆች ሰጠ። በ369 ዓ.ም. ገደማ በቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ ባለጸጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በስብከቱ ገሠጸ፤ እርሱም ታጥቆ የተራቡትን መገበ።

ረኃቡ ሲያልፍ ግን ሥራው አላበቃም። በ370 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾመ በኋላ ከከተማው ውጭ ለእንግዶችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ አሠራ። በዚያም ሐኪሞች፣ አስታማሚዎች፣ የጭነት እንስሳትና መንገደኛውን የሚሸኙ ሰዎች ተዘጋጁ፤ ዘመድ የሸሻቸውን ለምጻሞች ጳጳሱ ራሱ አቅፎ ይስማቸው ነበር። እርሱም በ379 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ቤቱም ስሙን ይዞ ባስልያስ ተባለ።

እንግዲህ ከዚህ አባት የምንማረው፣ ምሕረት መከራ ከመድረሱ በፊት የሚሰናዳ መሆኑን ነው። መራመድ ለማይችል ሰው ሐኪም ቤት መኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየአጥቢያችን ዓይነ ስውሩ፣ መስማት የተሳነውና ከአልጋ የማይነሣው የት እንዳሉ አስቀድመን እንወቅ፤ እሳት ወይም ጎርፍ በመጣ ቀን ለእያንዳንዳቸው ማን ፈጥኖ እንደሚደርስላቸውም ዛሬውኑ እንወስን።