በጎንደር ተራራ የለካው፣ የጨረቃን ስበት በጉድጓድ የፈለገው አንቷን ዳባዲ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤናም ሆነ በቤቴል፣ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያረጋግጠው ቱንቢውን በክር አንጠልጥሎ ነው። እርከን የሚሠራ አርሶ አደርም መስመሩን የሚያወጣው በክርና በውኃ ልክ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች የቆሙት “ታች” የሚባለው አቅጣጫ አይለወጥም በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ ለግንብና ለእርከን ይበቃል፤ ፍጹም እውነት ግን አይደለም። ጨረቃ ሰማዩን ባቋረጠች ቁጥር ቱንቢውን በጥቂቱ ወደ ራሷ ትስበዋለች። ክሩ 10 ሜትር ቢረዝም እንኳ የቱንቢው ጫፍ የሚንቀሳቀሰው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ኢምንት እንቅስቃሴ ፍለጋ ረጅም ዘመን ከደከሙት ሊቃውንት አንዱ የዕድሜውን አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ምድር ያሳለፈው አንቷን ዳባዲ ነው።

ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 ከፈረንሳዊ የባስክ ተወላጅ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በደብሊን ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ግን በፈረንሳይ ነው። በ26 ዓመቱ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ የምድርን ማግኔት እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። በዚያም በኦሊንዳ ከተማ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በጥንቃቄ ተስተካክሎ የተቀመጠ ውኃ ልክ፣ ማንም ሳይነካው፣ አረፋው ከመካከል እየሸሸ ተመለከተ። ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የምድሪቱ ሊለይ አልቻለም። ጥያቄውን በልቡ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ መንገድ በየገዢው ፈቃድ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። አርኖ ወደ ጎጃም ተሻግሮ በደጃዝማች ጎሹ ቤት ባለሟል ሲሆን፣ አንቷን ግን ቴዎዶላይቱን ተሸክሞ ከተራራ ተራራ መውጣትን መረጠ። ከአንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን ተራሮች አቅጣጫ በማዕዘን ይለካል፤ ስማቸውን ከአገሬው ሰው ጠይቆ ይመዘግባል፤ ከዚያም ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግሮ እነዚያኑ ተራሮች ዳግመኛ ይለካል። ሁለት የታወቁ ቦታዎችና ሁለት ማዕዘኖች ካሉ የሦስተኛው ቦታ በስሌት ይገኛል። በዚህ መንገድ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ ከፋ ድረስ በመቶ የሚቆጠሩ ቦታዎችን በካርታ ላይ አኖረ።

ካርታው በምድር ገጽ ላይ በትክክለኛው ስፍራ እንዲያርፍ ግን ጎንደር ከፓሪስ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ እንደምትርቅ መታወቅ ነበረበት። ለዚህ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለወራት በበቅሎ ጀርባ የተንገላታ ሰዓት ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ ተጓዡ ጨረቃን ራሷን ሰዓት አደረጋት። ጨረቃ በከዋክብት መካከል ስታልፍ የትኛውን ኮከብ መቼ እንደምትሸፍን በአውሮፓ አስቀድሞ ይሰላ ነበር። ኮከቡ የተሰወረበትን ቅጽበት በጎንደር ሰዓት መዝግቦ ከስሌቱ ጋር ማነጻጸር ርቀቱን ይሰጣል።

በ1842 ጎንደር ሳለ፣ ኋላም በእናርያዋ ሳቃ፣ ያ የብራዚሉ ነገር ተደገመ። ውኃ ልኩ አሁንም በቦታው አልረጋም። በሦስት የተለያዩ አገሮች የታየ ነገር በአንድ መሣሪያ ጉድለት ብቻ ሊመካኝ እንደማይችል ማሰብ የጀመረውም ከዚህ በኋላ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ቆይታው የድል ብቻ አልነበረም። ብርቱ የዓይን ሕመም አሠቃይቶታል፤ ለኮከብ ተመልካች ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። በ1848 ከተመለሰ በኋላ ደግሞ የነጭ ዓባይን ምንጭ በግቤ አገር አግኝቻለሁ በሚለው አቋሙ ጸና። ግቤ ወደ ኦሞ እንጂ ወደ ዓባይ አይፈስምና ተሳስቷል፤ ስሕተቱንም ለረጅም ጊዜ ሙጭጭ ብሎ ይዟል። ጎጃምን ያየው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ይባስ ብሎ ዳባዲ ከፋ ደርሷል መባሉን እስከ መካድ ደረሰ፤ ከፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውንም ሜዳልያ መለሰ። የዳባዲ ካርታ ግን ከክርክሩ ተርፏል። በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ። ሰብስቦ የወሰዳቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ የተጻፉበት አገር አንባቢ ግን ዋናዎቹን ብራናዎች በእጁ ይዞ ሊያይ ባሕር መሻገር አለበት።

በፈረንሳይና በስፔን ድንበር፣ በአንዳይ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር በላይ ባለ ገደል ላይ ዳባዲ ቤተ መንግሥት የመሰለ ቤት አሠራ። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ የግዕዝ ፊደልም ተጽፏል። ለእርሱ ግን የቤቱ ዋና ነገር ሥዕሉ ሳይሆን ጉድጓዱ ነበር። ስምንት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሾጣጣ ግንብ አቁሞ፣ ከሥሩ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በግርጌው ባዝቃ የሞላበት ገንዳ አኖረ። ባዝቃ ወይም ሜርኩሪ ፈሳሽ መስተዋት ነው፤ ገጹም ሁልጊዜ ለቱንቢው አቅጣጫ ቀጤ ነክ ሆኖ ይረጋል። ከላይ የተላከ ብርሃን በባዝቃው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ከመነሻው ፈቀቅ ካለ፣ ወይ ምድሪቱ አዘንብላለች፣ ወይ “ታች” ራሱ ቦታ ለውጧል ማለት ነው።

ውጤቱ ያሰበውን ያህል ግልጽ አልሆነም። ባዝቃው አላረፈም። የባሕሩ ማዕበል ያንቀጠቅጠዋል፤ ከወር ወደ ወር ምስሉ ቀስ እያለ ይሸሻል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል የጨረቃን ስበት ለይቶ ማውጣት አልተቻለም።

ፍለጋው ግን ወደ ሌሎች ተሻገረ። የቻርልስ ዳርዊን ልጆች ጆርጅና ሆራስ በ1880 እና 1881 በካምብሪጅ የጨረቃን ስበት በራሳቸው መሣሪያ ሊለኩ ሞከሩ፤ በዘገባቸውም የዳባዲን የጎንደርና የአንዳይ ምልከታዎች አነሡ። እነርሱም የምድር ንቅናቄ አሸነፋቸው። ጆርጅ ይህን የፈለገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጨረቃ በባሕርና በየብስ ላይ የምታስነሣው ሞገድ ቀስ በቀስ ከምድር እያራቃት መሆኑን አስልቶ፣ ሒሳቡን ወደ ኋላ ሲመልሰው ሁለቱ በጥንት ዘመን እጅግ ተቀራርበው አገኛቸው፤ ከዚህም ተነሥቶ ጨረቃ ከምድር አካል ተገንጥላ ወጥታለች አለ። የምድር ውስጥ ጠጣር ነው ወይስ ቀልጦ የሚዋዥቅ የሚለውም በዚያው ስበት ልክ ይታወቅ ነበር።

የጨረቃን እጅ በቱንቢ ላይ በግልጽ ያየው ጀርመናዊው ኤርንስት ፎን ሬበር-ፓሽቪትስ ነው። በ1889 ያው መሣሪያው በጃፓን የደረሰን የመሬት መንቀጥቀጥ በፖትስዳም ሆኖ መዘገበ፤ የምድርን ውስጥ ከሩቅ በሚመጣ ሞገድ የማጥናት መንገድም ከዚያ ተከፈተ። ዳባዲ በ1892 የሳይንስ አካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ፤ በመጋቢት 1897 ፓሪስ ላይ አረፈ። ቤቱን ለአካዳሚው ያወረሰ ሲሆን፣ የተቀበረውም በዚያው ቤት ጸሎት ቤት ሥር ነው።

ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ሰዎች የመንቀጥቀጥ መለኪያና የሌዘር መስተዋት በጨረቃ ላይ ተከሉ። በመስተዋቱ አማካይነት ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር እንደምትርቅ ተለካ፤ በዚህ ጆርጅ ዳርዊን ልክ ነበር። በመገንጠሉ ግን አልነበረም። ዛሬ ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት፣ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ማርስን የሚያህል አካል ከምድር ጋር ተላትሞ፣ ከፍንጣሪው ጨረቃ ተሠራች የሚለውን ነው። እስከ 1977 የሠሩት መለኪያዎች ከጨረቃ ገጽ በታች በ700 እና በ1,200 ኪሎ ሜትር መካከል የሚነሡ ትናንሽ መንቀጥቀጦችን መዝግበዋል። እነዚህን የሚያስነሣቸው የምድር ስበት ነው፤ በየወሩም በተራቸው ይመላለሳሉ።